ዝግተኛዋ ቀስት

ፍቅርተ የኮምፒውተሯ ቀስት እንደ ወፍ ካልበረረች ሥራ የሠራች አይመስላትም ነበር። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ፣ በሻይ ቤቱና በካሳሁን ሞባይል ጥገና መካከል የተሸጎጠች አንድ ክፍል የጽሕፈት ቤት አለቻት። ማመልከቻ፣ ውል፣ የሰርግ ጥሪ፣ የተማሪ ፈተና ስትጽፍ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጠረጴዛዋ በወረቀት ክምር ስለተጣበበ ማውስ የሚንቀሳቀስበት ቦታ የለም፤ የምትሠራው ከፊደሎቹ በታች ባለችው ታችፓድ ነው። መዳፍ የምታህል፣ ከመዳሰስ ብዛት መካከሏ እንደ ወንዝ ድንጋይ የለሰለሰች መዳሰሻ ናት።

የቀስቷን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ሰቅላዋለች። ጣቷን አንዴ ሸርተት ስታደርግ ቀስቷ ከአንዱ ጥግ ተነሥታ ሌላው ጥግ ላይ ቁጭ ትላለች። አዲስ ሰው አጠገቧ ቆሞ ሲያይ ቀስቷን በዓይኑ መከተል ያቅተውና፣ "ምትሐት ነው እንዴ?" ይላል። ያን ጊዜ ፍቅርተ ደስ ይላታል።

ካሳሁን ግን ይህን ፍጥነት አይችለውም። ለደንበኞቹ መዝሙርና ዘፈን በፍላሽ ለመጫን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ፍጥነቱን ወደ መካከል ያወርደዋል፤ በሄደ ቁጥር እሷ መልሳ ትሰቅለዋለች። በተዋሰው በቅሎ ላይ ተቀምጦ እርካብ እንደሚያሳጥር ሰው ነበር የምታየው።

"ይቺ ቀስት ናት ወይስ የተቆጣች ንብ?" ይላታል።

"አንተ እንደ እርጉዝ ላም ካላዘገመች አታያትም።"

"ማውስ ግዢ! ሊጥ ኮመጠጠ አልኮመጠጠ እንደሚል ሰው በጣት ስትዳብሺ አታፍሪም?"

"ማውስህን የት ልታሽከረክረው? ጭንቅላቴ ላይ?"

በጠቅታውም አይስማሙም። እሱ መዳሰሻዋን በጣቱ ጫፍ መታ መታ ማድረግ ይወዳል፤ እሷ ደግሞ ከመዳሰሻዋ በታች ያሉትን ሁለት ቁልፎች መጫን። መታ ማድረጉን ጨርሶ አጥፍታበታለች። በዚህ ሁለት ቀን ተኳርፈው ያውቃሉ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ የጉና ተራራ ከጉም ብቅ ብሎ በማይታይበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ መሪጌታ ቀለመወርቅ ከገሳይ በሚኒባስ መጥተው ከደጇ ቆሙ። ጃንጥላቸውን ውጭ አራግፈው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። በብብታቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ፍቅርተ በስም ታውቃቸዋለች። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር በሄደችበት አንድ ደብር ውስጥ እሳቸው በብራና ላይ የጻፉትን መጽሐፍ አይታ፣ "ይህን ሰው ነው የጻፈው?" ብላ ጠይቃ ነበር። ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

"ተቀመጪ፣ ተቀመጪ ልጄ። ደብዳቤ እንድትጽፊልኝ ነው የመጣሁት" አሉ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እጆቻቸውን ከጋቢው ሥር አላወጡም።

ለቤተ ክህነቱ ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ደብዳቤ ነው። እሳቸው ቀስ እያሉ ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። ለደብራቸው ሲጽፉት የኖሩትን የጸሎት መጽሐፍ ፊደሉን መጨረሳቸውን፣ የቀረው በመጀመሪያው ቅጠል ራስ ላይ የሚሣለው ሐረግ ብቻ መሆኑን አጻፉ። "እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ከእንግዲህ መሣል አልችልም" አሉ፤ ያንንም ጻፈች። "ስለዚህ ቅጠሉን አስረክባለሁ። ሌላ ሠዓሊ የፈቀደውን ሐረግ ይሣልበት።"

የፍቅርተ ጣቶች እዚህ ላይ ቆሙ።

"የኔታ፣ የፈቀደውን ለምን? የእርስዎን አይሥልልዎትም?"

"አያውቀውማ።"

"ይንገሩታ።"

መሪጌታ ቀለመወርቅ ወደ ደጁ፣ ወደ ዝናቡ ተመለከቱ። "አሥራ ሁለት ቋጠሮ ያለው ሐረግ ነው። መምህሬ ያስተማሩኝ በሰሌዳ ላይ በተነዛ አመድ ነው፤ እሣላለሁ፣ እፍ ይሉታል፣ እንደገና እሣላለሁ። አንድ ጸሐፊ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለገዛ ደብሩ በሚጽፈው መጽሐፍ ላይ ነው የሚሥለው አሉኝ። እሳቸው የሣሉት ከነመጽሐፉ ተቃጥሏል። አሁን ያለው እዚህ ነው።" ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። እጁ ነፋስ እንዳገኘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይርገበገባል። "በአፍ ልነግረው ስል ይጠፋብኛል። ጣቴ ነው የሚያውቀው። ለተማሪዬ ለምሕረትአብ በአመድ ላሳየው ሞከርሁ፤ አመዱ ተበተነ።"

"ቀደም ብለው ለምን አላሳዩትም?"

"ጊዜ ያለኝ መስሎኝ።"

ፍቅርተ ደብዳቤውን ጨርሳ እንዲታተም አዘዘች። ማተሚያው አንድ ጊዜ ክርር ብሎ ቀጥ አለ። አምፖሉ ጠፋ። ከሻይ ቤቱ፣ "ሄደ! መብራት ሄደ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ይመጣል የኔታ። የኮምፒውተሩ ባትሪ አለ፤ እስኪመጣ ያንብቡት።" ኮምፒውተሩን አዙራ ፊታቸው አደረገችው።

አነበቡ። ከገጹ ግርጌ ደርሰው፣ "የቀረውስ?" ሲሉ ጣታቸውን በመዳሰሻዋ ላይ እንዲያደርጉ አሳየቻቸው። አደረጉ፤ ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። ሃምሳ ዓመት ብርዕ የተደገፈበት ጣት ጫፉ እንደ ቀንድ ደርቋል፤ መዳሰሻዋ ሰው የነካት አልመሰላትም።

"አላወቀችኝም" አሉ መሪጌታ።

ከዚያ ብራና ሲያለሰልሱ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ "እህ" ብለው ሞቅ ያለ ትንፋሽ ነፉበት። እንደገና ነኩ። ቀስቷ ብርግግ ብላ ተነሣች፤ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወደ ላይ ዘለለች፤ ጥግ ገብታ ጠፋች። እሳት እንደነካቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"የት ገባች?"

መብራት ሲጠፋ ሥራ ፈትቶ የመጣው ካሳሁን በሩን ተደግፎ ይስቃል። "የኔታ፣ እርስዎንም አባረረችዎት? እኔን ስታሳድደኝ ዓመት አለፋት!" ሮጦ ሄዶ የራሱን ማውስ አመጣ። ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀና አስያዛቸው። ማውሱ ግን በእጃቸው ውስጥ ጠረጴዛውን እየቆረቆረ ተንኳኳ፤ ሳይፈልጉ ይጫኑታል፤ ያልተጠራ መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ የአንድ ሰው የሰርግ ጥሪ መጥቶ ደብዳቤውን ሸፈነው።

"ተውት ልጆቼ" አሉ መሪጌታ። "የታመመ እጅ ለምን ታስቸግራላችሁ።"

ፍቅርተ ዝም ብላ ማውሱን ነቀለች። ሴቲንጉን ከፈተች። የፍጥነቷ ምልክት እንደ ሁልጊዜው በቀኝ ጫፍ፣ "ፈጣን" በሚለው ላይ ተቀምጣለች። ያዘቻትና ወደ ግራ ጎተተቻት። ካሳሁን በሚወደው መካከል ላይ አልቆመችም፤ እስከ መጨረሻው ወሰደቻት።

"እዚያ ድረስማ እኔም አልሄድም!" አለ ካሳሁን።

"አሁን ይሞክሩት የኔታ።"

መሪጌታ ተነፈሱበትና ጣታቸውን አሳረፉ። ጣቱ እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጣል። ፍቅርተ ቀስቷን አየች፤ ቆማለች። የተበላሸች መሰላት። ጠጋ ብላ ስታይ ግን ቀስቷ እየሄደች ነው። በቀጥታ፣ በጸጥታ፣ ውኃ በጠፍጣፋ መሬት ላይ መንገድ እንደሚያበጅ እየሄደች ነው። መዳሰሻዋ ላይ አንድ ጋት የሄደ ጣት ቀስቷን ስክሪኑ ላይ የሚያስኬዳት ጥቂት ነው፤ የጣቱ መርገብገብ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ከፀጉር ቀጥኖ ይጠፋል። መንቀጥቀጡ ጣታቸው ላይ ቀረ፤ ቀስቷ ጋር የደረሰው መንገዱ ብቻ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"ይኼ የኔ እጅ ነው?" አሉ መሪጌታ።

"የማን ይሆናል የኔታ?"

"እንዲህ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው።" ጣታቸውን አንሥተው ገልብጠው አዩት፤ ይንቀጠቀጣል። መልሰው አኖሩት፤ ቀስቷ አልተንቀጠቀጠችም። "ሎቱ ስብሐት!"

ፍቅርተ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያችን ምልክት ወደ ግራ የሚጎትት ሰው ሰነፍ ነው ስትል ኖራለች። መሣያውን ፕሮግራም ከፈተች፤ ነጭ ገጽ መጣ።

"ይቺ ቀለም አላት?"

"አላት። ቁልፉ ተጭኖ ሲሄዱ ትጽፋለች፤ ሲለቀቅ ባዶዋን ትሄዳለች።"

ግራ እጃቸውን በቁልፉ ላይ አድርገው ሞከሩ፤ እሱም ይንቀጠቀጥ ነበርና ይጫናል፣ ይለቃል። መስመሩ ቁርጥርጥ አለ።

"እኔ ልጫንልዎት" አለች ፍቅርተ።

መሪጌታ አሰቡ። "እንግዲያው፣ 'ንከሪ' ስልሽ ተጫኚ፤ 'አንሺ' ስልሽ ልቀቂ። መስመሩ በሌላው መስመር ላይ ሲያልፍ ቀለም ይኖረዋል፤ በሥሩ ሲያልፍ ይቋረጣል። ሐረግ ማለት ይኸው ነው።"

ወንበሯን አስጠግታ አውራ ጣቷን በቁልፉ ላይ አኖረች። ትከሻቸው ተነካካ።

"ንከሪ።"

ተጫነች። ጥቁር መስመር ከቀስቷ ጫፍ እንደ ክር ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ጣታቸው ከመዳሰሻዋ ጠርዝ ደረሰ፤ ደንግጠው ቆሙ።

"ጫፍ ደረስሁ። ከዚህ ወዲያ ገደል ነው።"

"ጣትዎን ያንሡና ወደ ኋላ ይመልሱት። እኔ ቁልፉን አልለቅም።"

"ባነሣ መስመሬ አይጠፋም?"

"ቀስቷ ከተዋት ቦታ ትጠብቅዎታለች።"

አነሡ። ቀስቷ በቦታዋ ቀረች። ጣታቸውን መልሰው ቀጠሉ፤ መስመሩም ምንም ሳይሰበር ቀጠለ። መሪጌታ ሳቅ አሉ፤ ፍቅርተ ጥርሳቸውን ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። "እጅህን አሳርፍና ና፣ እኔ እዚህ ነኝ ትላለች! ብርዕ እንዲህ አያደርግም። ብርዕ ቸኩሎ ያንጠባጥባል።"

ፍቅርተም ይህን አላወቀችም ነበር። የእሷ ቀስት በአንድ ሸርታታ ስለምትደርስ፣ ጠብቃት አታውቅም።

"አንሺ ... ንከሪ ... አንሺ።" ሐረጉ ወጣ፤ ዞረ፤ በራሱ ሥር ገብቶ በሌላ በኩል ብቅ አለ። አንድ ቋጠሮ። ሁለት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የጣታቸውን ትእዛዝ የሚሰሙ ይመስላሉ። በአፍ ልንገር ሲሉ የጠፋባቸው ነገር በጣታቸው ሳያመነታ እየወረደ ነው። ፍቅርተ አንድ ነገር አስተዋለች፤ "ንከሪ" ባሉ ቁጥር እጃቸው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሄዶ ጠረጴዛውን ነካ አድርጎ ይመለሳል። የቀለም ቀንዱ ሁልጊዜ የሚተከልበት ቦታ መሆኑ ገባት።

ካሳሁን ቀልዱን ትቶ ከኋላቸው ቆሟል። ስድስተኛው ቋጠሮ ሲዘጋ ተንፍሶ፣ "ሻይ ላምጣ" ብሎ ወጣ። ሦስት ብርጭቆ ይዞ ሲመለስ፣ የመሪጌታን ሻይ እንዲመቻቸው ብሎ ከኮምፒውተሩ በስተቀኝ አኖረላቸው።

"ንከሪ" አሉ መሪጌታ፤ እጃቸው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጣታቸው ሻዩ ውስጥ ገባ። በብርጭቆው አፍ ላይ እንደ ብርዕ ጠረግ አደረጉትና መዳሰሻዋ ላይ አሳረፉት።

ቀስቷ አበደች። ውኃ የነካት መዳሰሻ ጣቱን ከጠብታው መለየት አቃታት። ፍቅርተ ቁልፉን እንደተጫነች ነበር፤ ጥቁር መስመር ከሰባተኛው ቋጠሮ ተስፈንጥሮ ስድስቱን ሰንጥቆ፣ ነጩን ገጽ ከጥግ እስከ ጥግ ቀደደው።

"ወይኔ!" አለ ካሳሁን።

መሪጌታ ጣታቸውን ወደ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ሻዩ በጣታቸው ወርዶ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። "ሻይ ነው የነከርሁት?" አሉ በቀስታ። ከዚያ የተቀደደውን ሐረግ አይተው ፊታቸው ጠቆረ። "በቃ። አላልሁሽም? በቃ ልጄ። ደብዳቤውን ስጪኝ።"

"ቆይ የኔታ።" መዳሰሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫነች። የተስፈነጠረው መስመር ጠፋ። ስድስቱ ቋጠሮዎች እንደነበሩ፣ አንዲት ነጥብ ሳይነካቸው ተመለሱ።

መሪጌታ ከስክሪኑ ኋላ በኩል ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ምንም የለም።

"የት ሄደ?"

"የትም። እንዳልተሣለ ሆነ።"

"እኛ ስንሳሳት በምላጭ እንፍቃለን። ብራናው ግን ጠባሳውን ይዞ ይኖራል። የመምህሬን ስሕተት እኔ እያየሁ አድጌአለሁ፤ የእኔን ምሕረትአብ ያያል።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህስ ያስፈራል። ዕጹብ ነው፤ ግን ያስፈራል።"

"ካሳሁን፣ ሻዩን አንሣ" አለች ፍቅርተ።

"አነሣሁ፣ አነሣሁ! ለየኔታ ቀለም ያቀረብሁ መሆኔን በምን ላውቅ?"

መሪጌታ ሳያስቡት ሳቁ፤ ትንፋሻቸውን በጣታቸው ላይ ነፍተው ቀጠሉ።

ሰባት። ስምንት። ዘጠነኛው ላይ ባትሪው እያለቀ መሆኑን የሚያሳይ ቀይ ምልክት መጣ። ፍቅርተ በየቋጠሮው ሥራውን ታስቀምጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ የመሪጌታ ፊት በላብ መርጠቡን፣ ትንፋሻቸው ማጠሩን አየች። ዛሬ ከተቋረጠ ጣታቸው ነገ እንዲህ መታዘዙን ማን ያውቃል?

"ፍቅርተ፣ ፍጥነቷን ትንሽ ከፍ ብታደርጊላቸውስ? ቶሎ ይደርሳሉ" አለ ካሳሁን በሹክሹክታ።

"እንዳትነካት!"

ካሳሁን ይህን ከእሷ አፍ በመስማቱ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አሥር። አሥራ አንድ። መሪጌታ፣ "አንሺ" ከማለታቸው በፊት አውራ ጣቷ ተነሣ። እሳቸው ቆም ብለው በጎን አዩዋት። ቀጥለው ቀስቷን አዞሯት፤ ፍቅርተ ሳትታዘዝ ተጫነች። በሥር ሲያልፍ ለቀቀች። በላይ ሲያልፍ ተጫነች። አሥራ ሁለተኛው ቋጠሮ ያለ አንድ ቃል ተሣለ። መስመሩ የመጨረሻውን ዙር ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ከተነሣበት ነጥብ ገባና ተዘጋ፤ የት እንደጀመረ መለየት አልተቻለም።

"አወቅሽው" አሉ መሪጌታ።

"አውራ ጣቴ ነው ያወቀው" አለች። ድምፅዋ እንግዳ ሆነባት።

አስቀመጠችው። ወዲያው ስክሪኑ ጨለመ።

"ሄደ?" አሉ ደንግጠው።

"አለ የኔታ። ተኝቶ ነው።"

የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጥተው ጠበቁ። በዘጠኝ ሰዓት ግድም ከሻይ ቤቱ፣ "መጣ!" ተባለ። ፍቅርተ ኮምፒውተሩን ስታበራው፣ የጠዋቱን ትእዛዝ ያልረሳው ማተሚያ ክርር አለና አንድ ወረቀት አወጣ። ደብዳቤው ነው። ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠቻቸው።

መሪጌታ ወረቀቱን ይዘው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ገልብጠው፣ ነጩን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው መለሱላት።

"ሐረጉን እዚህ አትሚልኝ።"

የተጠቀለለውን ጨርቅ ፈቱ። የመጀመሪያው ቅጠል ወጣ፤ ፊደሉ እንደ ተሰለፈ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ራሱ ላይ ሦስት ጣት የሚሆን ባዶ ስፍራ ያለው። ፍቅርተ ስፍራውን በማስመሪያ ለክታ ሐረጉን በልኩ አተመችው። ወረቀቱን ከብራናው ራስ ላይ ሲያኖሩት ሐረጉ ከባዶው ስፍራ ጋር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ገጠመ። ካሳሁን፣ "ኧረ በማርያም!" አለ።

ከብራናው ጋር አብሮ ሊያስረክቡት የተጠቀለለ ወስፌ ነበር። አንሥተው ለፍቅርተ ሰጧት። "በመስመሩ ላይ እየበሳን የከሰል ዱቄት ስናሽበት ነጥቡ ብራናው ላይ ይወርዳል። ምሕረትአብ መስመር ካገኘ እጁ አይስትም፤ ያጣው መስመሩን ነው። የመጀመሪያዋን አንቺ ብሺለት።"

"እኔ ቸኩዬ አበላሸዋለሁ የኔታ።"

"አትቸኩዪም።"

ወረቀቱን በታጠፈ ጋቢያቸው ላይ ዘረጉላት። ወስፌውን ሐረጉ ከተዘጋበት ነጥብ ላይ አቁማ ቀስ ብላ ተጫነች፤ ጠቅ አለ። ሁለተኛዋን በሳች። ሦስተኛዋን። ካሳሁን በዚህ መካከል ዘፈን ሊጭን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀስቷ ስታዘግም አየና እጁን ወደ ሴቲንጉ ሰደደ፤ ከዚያ ትቶት፣ ጣቱን እያነሣ እየመለሰ፣ ቀስቷን እስከ ዘፈኖቹ ድረስ በእግሯ ወሰዳት።

አንደኛው ቋጠሮ ተበስቶ ሲያልቅ መሪጌታ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደጁ ብርሃን አነሡት። ዝናቡ አባርቷል። ወረቀቱ በእጃቸው ይርገበገባል፤ ብርሃኑ በደብዳቤው ቃላት መካከል፣ "አልችልም" በሚለው ላይ ሳይቀር፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየገባ ፊታቸው ላይ ይጫወታል።

"የቀረውን ምሕረትአብ ይበሳዋል" ብለው አጣጥፈው ከብራናው ጋር ጠቀለሉት፤ የገሳዩ ሚኒባስ ሳያመልጣቸው ተነሡ።